ቅጠሏ የተቆረሰው አበባ

እህቴ ካርድ ሠሪ ናት። ማህተሞቹን ከላስቲክ በገዛ እጇ ትቀርፃለች፣ ቀለም እያስነካች ወረቀት ላይ ትመታቸዋለች። ባሏ ዘጠኝ ዓመት አብሯት ኖሮ፣ «ጣትሽ ሁሌ ቀለም ነው፣ ሰው ፊት አሳፈርሽኝ» ብሎ ጥሏት ሄደ።

ባለፈው ወር ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ አዲሷን እጮኛውን አስከትሎ ሱቃችን ከች አለ። የሠርግ መጥሪያ ፈልጎ! ወረቀት የምቆርጥበትን ምላጭ እንደያዝኩ ብድግ አልኩ። እህቴ ግን «ተይ፣ ተቀመጪ» አለችኝና የናሙናውን ደብተር ከመሃሉ ገልጣ ሰጠችው።

አየት አደረገና አንዲት አበባ ላይ ጣቱን አሳረፈ። «ይቺ ታምራለች።»

ክው አልኩ። በእሱና በእህቴ ሠርግ መጥሪያ ላይ የነበረችው አበባ ናት፤ እህቴ ስትቀርፃት ምላጩ አዳልጧት አንድ ቅጠሏ ተቆርሷል። እሱ ግን አላወቃትም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

«ምርጫህ ጥሩ ነው» አለችው እህቴ። ባዘዘው ሁለት መቶ ካርድ ሁሉ ላይ አንድ በአንድ መታቻት።

ካርዱ በታደለ ማግስት የቀድሞ አማቷ ደወሉ። «ልጄ፣ ይቺን ቅጠሏ የተቆረሰ አበባ የእናንተም መጥሪያ ላይ አገኘኋት። ዘመዱ ሁሉ እየደወለ ይስቅብናል!»

«እሱ ራሱ ነው የመረጣት፣ እማማ» አለች ድምጿን አለስልሳ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ስልኩን ዘግታ ማህተሟን በሳሙና አጠበችና በጨርቅ አድርቃ መሳቢያ ውስጥ መለሰቻት።

«ደግሞ ምን ታደርግልሻለች? ጣያት እንጂ» አልኳት።

«ለሦስተኛው ሠርጉ ትፈለጋለች» አለችኝ።