የተበሳው የኮክ ጣሳ

ምስማር ቆርቆሮ ሲበሳ መጀመሪያ ጠቅ ይላል፣ ቀጥሎ ትንሽ ይተነፍሳል፤ ይህን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር መቀሌ የነበረው የልጅነት ቤታችንና የኮክ ሽታ ተያይዘው ይመጡብኛል።

ክረምት ነበር፣ የፍልሰታ ጾም የገባበት። እናቴን አደይ፣ አባቴን አቦይ እንላቸው ነበር። አደይ ትኩሳት ይዟት ሰንብቶ ቢለቃትም ጉሮሮዋ እህል አልቀበል ብሎ፣ ቀሚሷ ከትከሻዋ እየወረደ፣ ግድግዳ ተደግፋ ትውል ነበር። የነፍስ አባቷ መጥተው «ለታመመ ጾም የለበትም፣ ወተት ጠጪ» ቢሏት፣ «የእመቤቴን ጾም አልሽርም» አለች። በለስ በየመንገዱ ተቆልሎ ይሸጥ ነበር፣ ግን ሆድ ስለሚያደርቅ ለእሷ አይሆንም። ጠያቂዎች ሲወጡ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወሩ ስለነበር፣ እኛ ልጆችም ነገሩ ገብቶን ነበር።

አቦይ የጭነት መኪና ሹፌር ነበርና ከአስመራ ሲመለስ አንድ የኮክ ጣሳ ይዞላት መጣ። ወረቀቱ ላይ ለሁለት የተከፈለ ኮክ ተስሏል፣ በላዩ ደግሞ ነጭ ነገር ተቆልሎበታል። አደይ አየችና ፊቷን አዞረች።

«ወተት አለበት።»

«ኮክ ነው እኮ ለተ፣ ባለሱቁ ነግሮኛል» አላት አቦይ በቁልምጫ ስሟ።

«ባለሱቁ ነው የሚጾምልኝ?»

ከቤታችን ማንበብ የሚችል አልነበረም፣ ጽሑፉም የፈረንጅ ነው። ጣሳው መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ፤ እሷም መክሳቷን ቀጠለች።

ጎረቤታችን ጋሽ ሰይድ ከወሎ መጥተው ጨርቅ የሚነግዱ ሰው ነበሩ። ሊጠይቋት ገብተው ነገሩን ሲሰሙ ሳቁ።

«እኅቴ፣ ይበሳና ይታይ። ነጭ ከወጣ የኔ ልጆች ፍልሰታን አያውቁም፣ ይጨርሱታል። ውሃ ከወጣ ያንቺ ነው።»

አደይ ከታመመች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «ልጆችዎ ወተት እንዲወጣ ሲጸልዩ ያድራሉ በሉኛ።»

«ይጸልዩ፣ አላህ ለታመመ ያደላል።»

በማግስቱ ቅዳሴ እስኪወጣ ተጠብቆ፣ አቦይ ምስማር አምጥቶ ጣሳውን በሁለት በኩል በሳና ብርጭቆ ላይ ዘቀዘቀው። መጀመሪያ ምንም አልመጣም። ከዚያ ቢጫ ውሃ ጥርት ብሎ ወረደ፤ ብርጭቆውን በያዙት በጋሽ ሰይድ ጣቶች ላይ ያለው መስመር እንኳ በማዶ ይታይ ነበር። አደይ ተቀብላ ወደ በሩ ብርሃን አዙራ አየችው፣ አማተበች፣ ጠጣች። ዋጠችውም። አቦይ ወጥቶ ያልቆሸሸ መኪናውን ሲያጥብ ዋለ።

ከዚያ ወዲህ አቦይ ከየጉዞው ጣሳ ይዞ ይመለስ ነበር። አደይ የስኳር ውሃውን ከገብስ አጥሚት ጋር፣ ዝንጅብል ጣል አድርጋ እያሞቀች ትጠጣ፣ ፍሬውን በእንጨት ማንኪያ ደፍጥጣ በሕምባሻ እያጠቀሰች ትበላ ጀመር። ጾሙ ተፈትቶ የአሸንዳ ልጃገረዶች ከበሮ እየመቱ ሲያልፉ፣ ደጃፍ ድረስ በእግሯ ወጥታ አየቻቸው።

መስከረም ካለፈ በኋላ እኛ ልጆች ከቁሓ መንገድ ዳር የበሰለ አጋም ለቅመን ስናመጣላት፣ ፍሬውን ከጣሳው በተረፈው ውሃ ቀቅላ ታቀርብልን ነበር፤ ኮምጣጣውና ጣፋጩ እንደታረቁ ባልና ሚስት ይስማሙ ነበር። በበጋ ባዶዎቹ ጣሳዎች የዱቄት መስፈሪያ ሆኑ። አዲስ ጣሳ ሲመጣ ግን ጾም ባይሆንም ሳይበሳና ሳይታይ አይከፈትም ነበር።

ዛሬ እዚሁ መቀሌ፣ ዓዲ ሓቂ ገበያ ያሉት ሱቆች መደርደሪያቸው በኮክ ጣሳ ሞልቷል። ጥርሴ ካለቀ ወዲህ በፍልሰታ የልጅ ልጄ እየገዛች ታመጣልኛለች፤ ክዳኑ በጣት ተስቦ የሚከፈት ነው። ጀርባውን አንብባ «አባሓጎይ፣ ወተት የለውም፣ ብላ» ትለኛለች። ንባቧን አምናለሁ። ቢሆንም ምስማሬን አመጣና እበሳዋለሁ፣ ብርጭቆውን ወደ በሩ ብርሃን አዞረዋለሁ። ያኔ ጠብታዋን ለማየት ቤቱ በሙሉ ትንፋሹን ይዞ ነበር፤ አሁን እሷ ስልኳን እያየች ትጠብቀኛለች፣ ብርጭቆውን የማየው እኔ ብቻ ነኝ። እንደ ድሮው ጥርት ያለ ነው።