የቶርዲስ ዝምታና የጓሮው በር

ባለፈው ሰኞ ጠዋት የሱቄን የፖስታ ሳጥን ስከፍት፣ ከማስታወቂያ ወረቀቶች መሀል አንድ ወፈር ያለ ፖስታ አገኘሁ። ላኪዎቹ ከሱቄ በላይ አንደኛ ፎቅ ላይ አዲስ የገቡት ወጣት ባልና ሚስት ናቸው። በጓሮ በኩል በረንዳ ሊሠሩ አስበዋል፤ ስዕሉም ልኩም አብሮ ተያይዟል። ከታች፣ አስተያየት ካለዎት በሁለት ሳምንት ውስጥ ይጻፉልን ይላል። ኖርዌዮች ይህን ወረቀት ናቦቫርሰል ይሉታል። ሰው ኮሙኑን፣ ማለትም ማዘጋጃ ቤቱን፣ የግንባታ ፈቃድ ከመጠየቁ በፊት ለጎረቤቶቹ የሚያድለው ማሳወቂያ ነው።

ልጄ ሐያት ባንኮኒው ላይ ተደግፋ አነበበችና፣ «አባ፣ ምንም ማድረግ የለብህም። ዝም ካልክ ተስማማህ ማለት ነው» አለችኝ።

«አውቃለሁ» አልኳት። ይህን ለማወቅ ምን እንዳሳለፍኩ ግን እሷ አታውቅም።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ትቬይታ የሚባል ሰፈር ውስጥ ከሁለት የአገር ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተጋርቼ እኖር ነበር። ሱቄ ሁለት እጄ ነው። ባንዱ በርበሬና ሽሮ፣ በሌላው ጤፍ አንጠልጥዬ ከትቬይታ ሮምሶስ፣ ከሮምሶስ መሀል ከተማ ግሮንላንድ ሰፈር በሜትሮ እመላለሳለሁ። በርበሬ ደግሞ የቱንም ያህል ቢጠቀለል ራሱን አይደብቅም። ተሳፋሪው ማስነጠስ ሲጀምር እኔ ምንም እንደማያውቅ ሰው በመስኮት ወደ ውጭ አያለሁ። የደሴ ልጅ ነኝ፤ ንግድ የተማርኩት ግን መርካቶ ነው። ከትምህርት ቤት የቀረሁባቸውን ቀናት ሁሉ እዚያ ስላሳለፍኩ በደንብ የተማርኩ ሰው ነኝ ማለት ይቻላል።

አንድ ቀን ግሮንላንድ ውስጥ የአሮጌ ሕንፃ ምድር ቤት ተገኘ። ለረጅም ጊዜ የጫማ መጋዘን ስለነበር ግድግዳው ቆዳ ቆዳ ይሸታል። ለእኔ ቤተ መንግሥት ነበር። ችግሩ በኮሙኑ መዝገብ ላይ መጋዘን እንጂ ሱቅ አለመሆኑ ነው። ሱቅ እንዲሆን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ለፈቃዱ ደግሞ እሳት ቢነሳ ሰው የሚወጣበት ሁለተኛ በር ወደ ጓሮ መከፈት አለበት። አከራዬ ቃል የሚቆጥብ ሽማግሌ ኖርዌያዊ ነበር። «በረዶ እስኪጥል እጠብቅሃለሁ። ያኔ ፈቃድ ከሌለህ ቁልፉን ለሌላ እሰጣለሁ» አለኝ። የጓሮው ዛፍ ቅጠል ገና ቢጫ መሆን ጀምሯል።

ስዕል የሚያውቅ ሰው ፈልጌ አሠራሁ። ሰባት ጎረቤት፣ ሰባት ፖስታ። እያንኳኳሁ አደልኩ። መቀበላቸውን ይፈርማሉ፣ «ታክ» ብለው ያመሰግናሉ፣ በሩ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ጸጥታ።

አንድ ሳምንት አለፈ፤ ማንም ምንም አላለም። እኔ እንቅልፍ አጣሁ። መርካቶ ውስጥ አንድ ቆርቆሮ ወደ ውጭ ገፋ ብታደርግ ጎረቤትህ ይጮሃል፣ አንተም ትጮሃለህ፣ ሰው ይሰበሰባል፣ ከምሳ በፊት ትስማማለህ። የሚጮህ ሰው በሆዱ የሚያስቀረው የለም። የሚፈራው ዝም ያለው ነው፤ እሱ አንድ ነገር ይዟል። ከሰባቱ ይበልጥ ያስጨነቁኝ ቶርዲስ የሚባሉ አሮጊት ነበሩ። ጡረታ የወጡ የሂሳብ አስተማሪ ናቸው፤ መስኮታቸው ልክ በጓሮው ላይ ነው። በኖርዌይኛ አንቱ የሚባል ነገር የለም፤ እኔ ግን በልቤ አንቱ እላቸው ነበር። ደረጃ ላይ ስንገናኝ «ሃይ» ብለው ያልፋሉ። አለቀ። በዚያች «ሃይ» ውስጥ ስንት ቂም እንዳለ እየገመትኩ እወርዳለሁ።

ሮምሶስ ሄጄ ለአቦይ ሃብተ ነገርኳቸው። አቦይ ሃብተ አስመራ ተወልደው አዲስ አበባ የኖሩ፣ እዚህ በሆስፒታል ፅዳት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ የሁላችንም ሽማግሌ ነበሩ።

«ሴትየዋ ተቀይመዋል» አሉ ወዲያው። «ወረቀት በበር ወርውረህ ሄድክ። ቁጭ ብለህ አነጋገርካቸው?»

«አላነጋገርኳቸውም፣ አቦይ።»

«አየህ! ሽማግሌ ይላካል እንጂ ፖስታ ይላካል እንዴ?»

«የኮሙኑ ደንብ ነው እኮ።»

«ኮሙኑ ጎረቤት አለው? ኮሙኑ ምን ያውቃል!»

በአሥረኛው ቀን፣ አቦይ ሃብተና የአገሬ ሰው ሐጂ ሰይድ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ እኔ ከኋላ ብርቱካንና ሙዝ ተሸክሜ፣ የቶርዲስን በር አንኳኳን። በሩ በሰንሰለቱ ልክ ተከፈተ። ሁለት ጨዋ ሽማግሌዎች ከረቫት አድርገው ሲያዩ የሃይማኖት ሰባኪዎች መሰሏቸውና፣ «አመሰግናለሁ፣ እምነት አለኝ» ብለው ሊዘጉት ሲሉ እኔ ከኋላ ብርቱካኑን ከፍ አደረግሁ። አወቁኝ።

ገብተን ተቀመጥን። አቦይ ሃብተ ጉሮሯቸውን ጠርገው በአማርኛ ጀመሩ፤ እኔ አስተርጓሚ ነኝ። «ይህ ልጅ ልጃችን ነው። ያጠፋው ጥፋት ካለ እንክሳለን በላቸው።»

ተረጎምኩ። ቶርዲስ መነጽራቸውን አወለቁ። «ምን ጥፋት? የተበላሸ ነገር አለ?»

«እስካሁን የለም» አልኩ።

«እስካሁን?»

ነገሩ እየከፋ ሄደ። ሐጂ ሰይድ ጣልቃ ገቡ፤ «በሆዳቸው ያለውን ያውጡት በላቸው። ዝም አይበሉን።»

ይህንንም ተረጎምኩ። ቶርዲስ መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁና፣ «ሃሳቤን እንድጽፍ ትፈልጋለህ?» አሉ።

«አዎ! በጣም!» አልኩ፣ በደስታ።

ሄል የሚሸት ዋፍልና ጣፋጩን ቡናማ አይብ አበሉን። አቦይ ሃብተ ደረጃውን ሲወርዱ፣ «አየህ፣ ሰው ሲነጋገር እንዲህ ነው» አሉኝ። እኔም የዚያን ቀን እንደ ሕፃን ተኛሁ።

ከዚያ በአራተኛው ቀን ደብዳቤያቸው ደረሰ። ሦስት ገጽ፣ በቁጥር የተዘረዘረ፣ ከሥሩ የተሰመረበት። ዋናው ነገር እንዲህ ነበር፦ የሚከፈተው በር፣ ሟች ባላቸው የተከሉት ሲሪን የሚባል ሐምራዊ አበባ የሚያወጣ ቁጥቋጦ ያለበት ቦታ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ይቃወማሉ። ቅጂው ለኮሙኑ።

ኮሙኑ ዘንድ ጉዳዬን የያዘው ጺማም ወጣት ወረቀቱን ሁለቴ አነበበ። «ሌሎቹ ስድስቱ ምንም አላሉም። እሷስ ለምን ጻፈች?»

«እኔ ለመንኳት።»

«ተቃውሞ እንድትጽፍ?»

«ዝም ስላለች ፈራሁ።»

«እዚህ ዝም ያለ ሰው ተስማምቷል።»

«እኛ ጋ ዝም ያለ ሰው እየተዘጋጀ ነው» አልኩት። አልሳቀም። አሁን ለተቃውሞው መልስ መጻፍ እንዳለብኝ፣ ስዕሉን ከቀየርኩ ደግሞ ለሰባቱም እንደገና ማሳወቅና ሁለት ሳምንት መጠበቅ እንዳለብኝ በትዕግሥት አስረዳኝ። በመስኮቱ ቅጠሉ ሲረግፍ ይታየኛል። በልቤ ሱቄን ቀበርኩት።

በዚያው ማታ ብቻዬን የቶርዲስን በር አንኳኳሁ። ጠብ ፈልጌ ነበር ብል ውሸት አይደለም። እሳቸው ግን ቀደሙኝ። «እኔ ዝም ልልህ ነበር» አሉ። «አንድ ቁጥቋጦ የአንድ ወጣትን ሥራ ያስቀራል እንዴ ብዬ ትቼው ነበር። አንተ መጥተህ ጠየቅኸኝ። ስጠየቅ ደግሞ አልዋሽም።»

ጠቤን ደጅ ትቼ ገባሁ። ባለቤታቸው ሲሪኑን የተከሉት ባረፉበት ዓመት እንደነበር ያን ጊዜ ነው የነገሩኝ። ከዚያ የስዕሉን ቅጂ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ማስመሪያና እርሳስ አመጡ። የግድግዳውን ውፍረት፣ የመስኮቱን ርቀት አሰቡ፣ ደመሩ፣ ቀነሱ፤ እኔም እንደ ሰነፍ ተማሪ ከጎን ቆሜ አየሁ። በመጨረሻ ቀጭን መስመር አሰመሩ። «አንድ ሜትር ተኩል ወደ ግራ» አሉ። «አንተም ትወጣለህ፣ እሱም ይኖራል።»

አዲስ ስዕል፣ እንደገና ሰባት ፖስታ። ያ ሁለት ሳምንት በሕይወቴ ከባዱ ነበር፤ ሥራዬ ምንም አለመሥራት ነው። ማንንም እንዳላናግር ለራሴ ማልኩ። አቦይ ሃብተ እየደወሉ፣ «አንዴ ሰላም ብንላቸውስ?» ይላሉ፤ «አቦይ፣ በአላህ ይሁንብዎት፣ እዚያው ሮምሶስ ይቀመጡልኝ» እላለሁ። ቶርዲስን ደረጃ ላይ ሳገኛቸው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው አለፉ። ሳቃቸውን እንደያዙ ገባኝ። ከዚያች ቀን በፊት የሰው ዝምታ እንዲህ ደስ ሊል እንደሚችል አላውቅም ነበር።

ሁለቱ ሳምንት አልቆ ወረቀቱ ኮሙኑ ጋ እያለ በረዶ ጣለ። አከራዬ ከነባርኔጣው መጥቶ በጣቱ መሬቱን አሳየኝ።

«ይሄ በረዶ ነው?» አልኩት። «ጫማዬን እንኳ አልሸፈነም።»

እሱም ጎንበስ ብሎ አየ። እዚያው ቆመን ጠበቅን። እኩለ ቀን ላይ ሁሉም ቀልጦ ውሃ ሆነ። «ዝናብ ነበር» አለና ሄደ። እውነተኛው በረዶ የወረደው ፈቃዱ ከደረሰኝ በኋላ ነው። ሱቁ የተከፈተ ቀን የመጀመሪያዋ ገዥዬ ቶርዲስ ነበሩ፤ ለዋፍላቸው ሄል ገዙ። ከዚያ በኋላም ሌላ ሱቅ ሄደው ሄል መግዛታቸውን አልሰማሁም።

አቦይ ሃብተ አርፈዋል። ቶርዲስም ካረፉ ሦስት ክረምት ሆነ። ባልና ሚስቱ የገዙት የእሳቸውን ቤት ነው። ሰኞ ሐያት ሱቅ እየጠበቀች እኔ ስዕሉን ይዤ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ሲሪኑ አለ፤ ከእኔ በልጦ ረዝሟል። በእርምጃ ለካሁ። የበረንዳው ምሰሶ የሚተከለው ልክ ሥሩ ላይ ነው።

ዕድሜዬን በሙሉ በዚህ አገር ዝም ማለትን ስማር ኖሬያለሁ፤ ጎበዝ ሆነሃልም ይሉኛል። ዝምታ ጥሩ ነገር ነው፣ ዛፍ ግን አንድ ተናጋሪ ያስፈልገዋል። የሱ ተናጋሪ ሞተዋል። ባልና ሚስቱም ክፉዎች አይደሉም፤ ማን እንደተከለው የሚነግራቸው አላገኙም እንጂ። ብርቱካንና ሙዝ በካርቶን አድርጌ ዛሬ ማታ እወጣለሁ፤ ወረቀቱ ከመድረሱ በፊት ፊቴን ይዩት። ሰንሰለት ካላቸውም እጠብቃለሁ።

«ሐያት፣ እስክሪብቶ አምጪ» አልኳት።

«አባ፣ ዝም ካልክ እኮ...»

«አውቃለሁ። ጻፊ።»

«ምን ብዬ?»

«አንድ ሜትር ተኩል ወደ ግራ።»