በአንጋጫ መንገድ የጣለን ጎማ

ሐምሌ ሲገባ የሆሳዕና ጭቃ ጫማ ይጎርሳል። የአንጋጫው መንገድ ደግሞ መኪናም ቢሆን አይመርጥም። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በደርግ ጊዜ አንዲት ባለሸራ አሮጌ መኪና ነበረችው። በገበያ ቀን ሰውና ቅቤ ጭኖ ሆመቾና አንጋጫ ይመላለስባታል። እኔ ከዚያች መኪና ጋር እንደ ጣውንት ነው የኖርኩት።

በዚያ ክረምት አንጋጫ የተዳረችው ልጄ የመጀመሪያዋን ልትወልድ ደርሳለች። በእኛ ዘንድ እናት ቡላና ቅቤዋን ይዛ ከምጡ በፊት ትደርሳለች። ከቡላና ከቅቤ የሚሠራውን አታካና ለአራሷ የምታጎርሰው እሷ ናት። ልጄ ደግሞ ፈሪ ናት፤ “እማዬ፣ አንቺ ሳትመጪ አልወልድም” ብላ ልካብኛለች። በእሷ ፈቃድ የሚሆን ይመስል!

ባለቤቴን “እንሂድ” ብለው፣ “ጎማ ሳልለውጥ ከዚህ አልነቃነቅም” አለኝ።

የነበሩት ጎማዎች ቀጫጭን ናቸው፤ ጥርሳቸው ግን ገና አላለቀም። ለእሱ ቀጭን ነገር ጭቃ ውስጥ ይሰምጣል። ይህን ሐሳብ በጭንቅላቱ ያስገባበት ከሰሜን የመጣው ጎረቤታችን መምህር ነው። ደግ ሰው ነው፣ አልዋሽም፤ ወሬው ግን አያልቅም።

“ጋሼ፣ ዳክዬ አይተው ያውቃሉ?” ይለዋል። “እግሯ ሰፊ ስለሆነ ጭቃ ላይ አትሰምጥም።”

“ዳክዬ ሰው ትጭናለች እንዴ?” አልኩ።

“አንቺ ሴትዮ፣ የመኪና ነገር ምን አገባሽ!” አለኝ ባለቤቴ።

በዚያ ዘመን ጎማ እንደ ሽንኩርት ከገበያ አይገዛም። ማመልከቻ አለ፣ የቀበሌ ድጋፍ አለ፣ ደጅ መጥናት አለ፤ እሱ ከበጋው ጀምሮ ሲመላለስበት ነበር። እኔ ያኔ በመሠረተ ትምህርት ፊደል እየቆጠርኩ ነበር። ከሁሉ ቀድሜ ማንበብ የቻልኩት “ጎማ” የሚለውን ነው፤ በቤታችን ሌላ ቃል መች ይሰማና! በስብሰባ ላይ ሰው ስለ አብዮቱ ሲያወራ እሱ ከጎኑ ላለው ስለ ጎማ ያንሾካሹካል።

በመጨረሻ ሰፋፊዎቹ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ተጭነው ከአዲስ አበባ መጡ። ያንኳኳቸዋል፣ ያሸታቸዋል፣ ጥርሳቸውን በጣቱ ይዳስሳል። ልጁን ሲድር የአማቹን ጥርስ እንዲህ አላየም። አሮጌዎቹን አውጥቶ በረባሶ ጫማ ለሚሠራው ሰውዬ ሰጠ። እኔም ለመንገዱ አንድ ጥንድ አስቆረጥኩ። ሰውዬው “እናቴ፣ ጥርሱን ልላግልሽ?” ሲለኝ፣ “ተወው፣ ቸኩያለሁ” አልኩት።

ቅቤዬን በኮባ ጠቅልዬ፣ ቡላዬን ይዤ ተሳፈርኩ። መምህሩም ምክሩ ሲሠራ ለማየት ከፊት ተቀመጠ። አንጋጫ ልንደርስ ስንል፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ ሰፊው ጎማ እውነትም እንደ ዳክዬ ተንሳፈፈ። ተንሳፍፎ ግን እሱ ወደ ፈለገበት ሄደና ቦይ ውስጥ ገባ። ወርጄ ባየው ጥርሱ ሁሉ ቀይ ጭቃ ጎርሶ እንደ ተወለወለ ጋን ይንሸራተታል።

አሁን ወርደው ይገፋሉ አይደል? የለም፣ ክርክር ተጀመረ።

“ጋሼ፣ የጎማውን ነፋስ ቀነስ ቢያደርጉት...”

“ቀንሼ ማን ይነፋልኛል? አንተ በአፍህ?”

“ሰዎች! ልጄ እያማጠች ቢሆንስ?” አልኩ።

“ትንሽ ታገሺ፣ ይኸው ሊወጣ ነው” አለኝ ባለቤቴ። የትዳራችንን ዘመን ሁሉ ይኸው ሊወጣ ነው ሲለኝ ኖሯል።

ቡላዬን አዝዬ፣ ቅቤዬን ታቅፌ መንገዱን ያዝኩት። እየተነጫነጭኩ ነው የሄድኩት። ከእንሰት ማሳው ሰዎች እየወጡ ወደ መኪናዋ ሲሮጡ፣ “እናቴ፣ ይወድቃሉ፣ ይቆዩ!” ይሉኛል። አልወደቅኩም። አቀበቱ ላይ በረባሶዬ መሬቱን ንክስ እያደረገ ይዞኝ ወጣ። ንዴት ላይ ስለነበርኩ ያኔ ልብ አላልኩትም።

ስደርስ ልጄ ምሰሶ ይዛ ቆማለች፤ ፊቷ ላብ በላብ ነው።

“መጣሽ?” አለች።

“መጣሁ፣ የኔ እናት።”

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሴት ልጅ ታቀፍን።

ባለቤቴ በማግስቱ መኪናዋን በበሬ አስጎትቶ መጣ። እስከ ወገቡ ጭቃ ነው። ሕፃኗን እንኳ ገና ሳያይ፣ “ችግሩ ጎማው አይደለም፣ መንገዱ ነው” አለ።

እኔ ልጄን አታካና እያጎረስኩ ነበር።

ደጃፉ ላይ ያወለቅኩትን በረባሶ አየና አነሳው። ገለበጠው። ጥርሱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፣ ልክ አዲሶቹን እንደ ዳሰሰው።

“ይሄ የኔ ጎማ አይደለም እንዴ?”

“ነው።”

“የቀረውስ የት ደረሰ?”

“የሆሳዕና ሰው ተጫምቶታል” አልኩት። “ሂድና ከየእግራቸው አስወልቅ!”

ልጄ ሳቀች፤ ወዲያው “ወይ ሆዴ!” ብላ ተጨማደደች። እሱም በረባሶውን ቀስ ብሎ አስቀመጠና እጁን ሊታጠብ ወጣ። ሕፃኗን በጭቃ እጅ አላስነካህም ብዬዋለሁ።