ለብዙ ሰው የተቀቀለ ንፍሮ

ይህ ጉዳይ ያስወጣኝ አንድ የቆየ ወዳጅ፣ አንድ የአርብ ገበያ እና አንድ እድር ነው። አርቡን አልቆጥረውም፤ አርብ ይመለሳል።

ሱቄ ስዊድን፣ ኖርስቦሪ ነው፣ ከምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ከቱነልባናው፣ መጨረሻ ፌርማታ ወረድ ብሎ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ጤፍ፣ የጸጉር ቅባት እሸጣለሁ። የዚህ ጉዳይ ባለቤት የሆኑት ሴትዮ ከሱቁ በላይ ካሉት ፎቆች በአንዱ ይኖሩ ነበር። ደቡብ አፍሪካዊ ናቸው፤ አገራቸው ሰውን በቀለም ለይቶ በሚያኖርበት ዘመን ያንን የሚቃወም መጽሐፍ ጻፉ። መንግሥት መጀመሪያ መጽሐፉን ከለከለ፣ ቀጥሎ እሳቸውን። ስዊድን የገቡት በወጣትነት ነው፤ እኔ ሳውቃቸው ከዘራ ይዘው በሚጥሚጣ ዋጋ የሚከራከሩ አሮጊት ነበሩ። ባላቸው ቀድመዋቸዋል፣ ልጅ የላቸውም። የምናወራው በስዊድንኛ ነው። ስዊድንኛ ትልቁንም ትንሹንም አንተ አንቺ ይላል፤ እኔ ግን በሆዴ እርስዎ እያልኩ ነበር የምሸጥላቸው።

ከፍሪዘሩ አጠገብ ያለችው ወንበር የሳቸው ነበረች። በልጅነታቸው አንድ የመንግሥት ሹም የሳቸውንና የእህታቸውን ዘር ሊወስን ጸጉራቸው ውስጥ እርሳስ ሰካ። የእህታቸው እርሳስ ወደቀ፤ ነጭ ተባለች። የሳቸው ተሰክቶ ቀረ፤ ነጭ አይደለሽም ተባሉ። በዚያው እርሳስ ነው መጻፍ የጀመርኩት ይሉ ነበር፣ ሳይስቁ። እህትየው ነጮቹ ሰፈር ገባች፣ ነጭ አገባች፣ መንገድ ላይ ሲገናኙ ፊቷን ታዞር ነበር። እናታቸው ሲሞቱም ቀብር አልመጣችም። ብትመጣ የማን ልጅ እንደሆነች ይታወቃላ። ሴትዮዋ ይህን ሲያወሩ ፖሊሱንም እስሩንም ዘለው ያልፉታል፤ የሚመለሱት ሁልጊዜ እዚያ ቀብር ላይ ባዶ ወደቀረው የእህታቸው ቦታ ነው።

አንድ ቀን የእድራችን አባል የሆነ የአውቶቡስ ሹፌር ሞተ። ማስታወቂያው ሱቄ በር ላይ ተለጠፈ፤ ወንበርና ድስት የሚጭነው ሰው መንገዱን ሞላው። ሴትዮዋ ምን ዓይነት ትልቅ ሰው ነው የሞተው ብለው ጠየቁኝ። ሹፌር ነው አልኳቸው። ይሄ ሁሉ ለሹፌር? እድርን አስረዳኋቸው፤ በየወሩ ይዋጣል፣ ሰው ሲሞት ሁሉም ይወጣል፣ ብቻውን የሚቀበር የለም። 

«እኔንም አስገባኝ» አሉ።

ነጋዴ ነኝ፤ ከፊቱ በር በፊት የጓሮውን ነው የማየው። ደንባችን የሚቀበለው ሐበሻን ነው። ስለዚህ አባታቸው የሐረር ሰው ነበሩ፣ በመርከብ ደቡብ አፍሪካ ገብተው እዚያው ቀሩ እላለሁ አልኳቸው፤ መልካቸውም አይጠላውም፣ ማን ይመረምራል? ከዘራቸውን አነሱ። ሊመቱኝ መስሎኝ ነበር።

«እህቴም እንደዚያ ነው የገባችው» አሉ። «እኔ ከገባሁ እኔው ሆኜ ልግባ።»

በፊቱ በር ሄድኩ እንግዲህ። የእድሩ ሊቀመንበር ወዳጄ ነው፤ ስዊድን የመጣን ሰሞን አንድ ክፍል ተጋርተን፣ አንዱን ካፖርት በፈረቃ ለብሰናል። ስብሰባው ላይ ሁሉም በትህትና ሰማኝ። አንዱ፣ ዛሬ እሳቸውን ብናስገባ ነገ ፈረንጁ ሁሉ እኛ ጋ ሊሞት ይመጣል ብሎ አሳቀ። ፈረንጅ አይደሉም አልኩ።

«ሐበሻስ ናቸው?» አለ ወዳጄ።

አንድ ቃል ብዋሽ ያልቅ ነበር። ከዘራቸው ታየኝ።

«አይደሉም።»

«ታዲያ ምን ናቸው፣ ወንድሜ? ምን ብዬ ልመዝግባቸው?»

ክፉ ሰው አይደለም። ሲሞቱ አበባ እንገዛለን አለ፤ አባልነቱ ግን ደንብ ነው። እንግዲያው እኔንም ሰርዙኝ ብዬ ተነሳሁ። ይህ የገበያ ዘዴ ነው፤ ሄድኩ ትላለህ፣ ትንሽ ትራመዳለህ፣ ሻጩ ከኋላ ይጠራሃል። ቀስ ብዬ ነው የተራመድኩት። በሩ ጋ ስደርስ ጫማዬን እንደሚያስር ሰው ጎንበስ አልኩ። የጠራኝ የለም።

ለሴትዮዋ ስነግራቸው አልተናደዱም።

«እዚያም ብዙዎቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም» አሉ። «ደንቡ ነው ይሉን ነበር።»

ሚጥሚጣቸውን ይዘው ወጡ። የዚያን ቀን በዋጋው አልተከራከሩም።

ክረምት ላይ አረፉ። የነገረችኝ ከሄምትዬንስት፣ ከአረጋውያን የቤት ለቤት እርዳታ፣ ቤታቸው እየመጣች የምትረዳቸው ልጅ ናት። ስዊድን ውስጥ ሬሳም ወረፋ ይጠብቃል፤ ቀብሩ ከሳምንታት በኋላ አንድ አርብ ላይ ዋለ። እኔም እንደ ወጉ ማስታወቂያውን በሬ ላይ ለጠፍኩ። ደንበኛው ያነባል፣ ነፍስ ይማር ይላል፣ ጤፉን ይዞ ይሄዳል። ወዳጄም መጣ። አንብቦ ሲጨርስ አርብ ከከተማው ማዶ፣ ሶልና፣ የሥራ ፈረቃ አለብኝ አለኝ። አርብ አርብ እንደማይሠራ አውቃለሁ፤ የሳምንቱን አስቤዛ ከእኔ የሚገዛው በዚያው ቀን ነው። በርበሬውን መዘንኩለት።

በዕለቱ ሱቁን ዘጋሁና ንፍሮ ቀቀልኩ። ንፍሮ መቀቀል የተማርኩት በእድር ነው፤ ለጥቂት ሰው እንዴት እንደሚለካ አላውቅበትም። ትልቁን ብረት ድስት ሞላሁት።

መቃብሩ ዘንድ እኔ፣ ረዳታቸውና የመቃብሩ ሠራተኛ ነበርን። ሣጥኑን የተሸከመው ጋሪ ነው። ሲያልቅ ንፍሮውን በወረቀት ኩባያ አደልኩ። ሠራተኛው ስንዴውን እያኘከ ድስቱን አየ፣ ከዚያ ወደ መካነ መቃብሩ በር አየና፣ ሌሎቹ መንገድ ጠፍቷቸው ይሆን እንዴ ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ወደ በሩ አየሁ።

ድስቱን መኪናዬ ውስጥ ከጎኔ ወንበር ላይ አስቀምጬ እንዳይደፋ ቀበቶ አሰርኩለት። ኖርስቦሪ ስደርስ ገና ሞቅ እንዳለ ነበር።

ሒሳቡ ይኸው ነው። እሳቸው ተቀብረዋል። እኔ እድር የለኝም።