በሁለተኛው መስመር ላይ የተጻፈው

እኔ የጥርስ ሐኪም ረዳት ነኝ። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው አፍ ውስጥ መብራት ሳበራ፣ ምራቅ ስመጥጥ፣ "ትንሽ ይክፈቱልኝ፣ ኧረ ትንሽ ብቻ" ስል ኖሬያለሁ። ብዙ ሐኪም አይቻለሁ። ጥርስ ሲነቅል ከበሽተኛው ብሶ የሚያልበው ነበር። የታመመውን ትቶ ጤነኛውን ሊነቅል ሲል እጁን ይዤ ያስጣልኩትም አለ። እንደሷ ያለ ግን አላጋጠመኝም።

ክሊኒካችን ስትመጣ ገና የጥርስ ሕክምና ትምህርቷን ጨርሳ መውጣቷ ነበር። ቅጥነቷን አይቼ ለካርድ ክፍሏ ልጅ "ይቺ እንኳን ጥርስ ሣርም አትነቅል" አልኳት። የመጀመሪያ በሽተኛዋ በር የሚያክል የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ወንበሩን በሁለት እጁ ጨምድዶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቀ። ጥርሱ ትሪው ላይ ሲወድቅ ቀና ብሎ "አለቀ እንዴ?" አለ። ከሱ በኋላ የገቡትም እንደዚያው አሉ። በሳምንቱ ስሟ "ዶክተር አለቀ እንዴ" ሆኖ አረፈው።

ስድስት ዓመት አብረን ሠራን። በሽተኛ ፊት "ዶክተር" እላታለሁ፤ ብቻችንን ስንሆን "አንቺ ልጅ፣ ምሳሽን ብዪ" ነው። እሷ "እትዬ" ትለኛለች። እኔ ልጅ አልወለድኩም። እሷ ከመጣች ወዲህ ግን አለመውለዴ ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

የሷ ሕልም አንድ ነበር፤ የመንጋጋና የፊት ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት መሆን። መንጋጋው የተሰበረ፣ አገጩ ላይ እብጠት ያወጣ ሰው ሲመጣ እኛ ጋ አይሠራም፤ ወረቀት ጽፋ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ትልካለች። አንድ ቀን ፊቷን በሻርፕ ሸፍና የመጣች ሴት ከላከች በኋላ እስክሪብቶውን ወረወረችውና "ሰውን በር ድረስ ሸኝቼ መቅረት ሰለቸኝ እትዬ!" አለችኝ። ሁለት ዓመት በተከታታይ ለሬዚደንሲ፣ ለስፔሻሊስትነቱ ሥልጠና፣ አመለከተች። ሁለቱንም ጊዜ ሳትገባ ቀረች። ማመልከት የሚፈቀደው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው።

በሦስተኛው ዓመት ፈራች። ከቀዶ ሕክምናው ጎን ለሕጻናት ጥርስ ሕክምናም አመለከተች። ለአንዱ "ከልጅነቴ ጀምሮ ቀዶ ሕክምና ነበር ምኞቴ"፣ ለሌላው "ሕጻናትን ማከም ጥሪዬ ነው" የሚል ደብዳቤ ጽፋ አስነበበችኝ። "በአንድ ቀን ሁለት ባል ልታገቢ ነው እንዴ?" አልኳትና ሳቅን። ልጅ ሲያለቅስባት አብራ የምታለቅስ ሴት ናት እኮ! ደብዳቤዎቹን ላከች፣ ለሁለቱም ቃለ መጠይቅ ተጠራች፣ ደህናም መለሰች።

ከዚያ የመጨረሻው ቅጽ መጣ። ሁለቱንም በአንድ ቅጽ ላይ አንደኛ፣ ሁለተኛ ብሎ መሙላት ነው። ኮምፒዩተሩ ከአንደኛው ይጀምራል። እዚያ ከፈለጉሽ ያበቃል፤ ሁለተኛውን አያይም። የደረሰሽን አልፈልግም ማለት የለም። በምሳ ሰዓት በሽተኛ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ስልኳን አሳየችኝ።

"የምወደውን ከላይ ብጽፍ ምንም አይጎዳኝም ይላሉ። ካልወሰዱኝ ወደ ሁለተኛው ይወርዳል።"

"ይላሉ! እነሱ ምን የማይሉት አለ? አምናም ታች አምናም ትገቢያለሽ ሲሉሽ አልነበረም?"

"ሕጉ ግን እንደዚያ ነው እትዬ።"

"ሕጉን ተዪውና እኔን ስሚኝ። በእጅሽ ያለውን፣ የሕጻናቱን፣ አስቀድሚ። ይሄ ደግሞ ቢያመልጥሽ ምን ይውጥሻል?"

ብዙ ተሟገትን። እኔ ምላሴ አያርፍም፤ እሷ ደግሞ ሁለት ጊዜ ተመትታ ልቧ ሳስቷል። በመጨረሻ "እሺ" አለችና የሕጻናቱን ከላይ፣ ቀዶ ሕክምናውን ከታች አድርጋ ላከችው። ምነው ያን ቀን ምላሴን በቆረጠው!

ውጤቱ ሲመጣ የሕጻናቱ ደረሳት። እኔ እልል አልኩ፤ የካርድ ክፍሏም ልጅ አቀፈቻት። እሷም ፈገግ አለች፤ ከዚያ ጓንቷን አጥልቃ ቀጣዩን በሽተኛ አስገባች።

በሦስተኛው ቀን የክሊኒኩ ስልክ ጮኸ። የቀዶ ሕክምናው ኃላፊ ፕሮፌሰር ነበሩ። እሷ ጥርስ እየሞላች ስለነበር እኔ አነሳሁት።

"እኛ እኮ አንደኛ አድርገን ይዘናት ነበር" አሉ፤ ድምፃቸው ያዘነ ነው። "ከላይ ጽፋን ቢሆን ኖሮ ያለ ጥርጥር የኛ ነበረች። ምን ነካት?"

ክው አልኩ። "ባትወስዷትስ ኖሮ?" አልኳቸው።

"ያኔማ ወደ ሁለተኛው ምርጫዋ ትሄዳለች። ምን ይቀርባታል? እባክሽ ትደውልልኝ።"

"እሺ እነግራታለሁ" ብዬ ዘጋሁ። አልነገርኳትም። ዛሬ ደክሟታል፣ ነገ ደስ ብሏት ስትውል፣ ቅዳሜ ሥራ ሲቀል እያልኩ ስምንት ቀን ዋጥኩት። ሌሊት እንቅልፍ፣ ቀን እህል አስጠላኝ።

በዘጠነኛው ቀን መልሰው ደወሉ። ስልኩ አጠገብ ቆማ ካርድ ስታገላብጥ ነበርና ራሷ አነሳችው። ብዙ አላወራችም። "አዎ ፕሮፌሰር... አልነገረችኝም... አይ፣ ምንም አይደል" ብላ አስቀመጠችው። ከዚያ ዞር አለች። እንድትጮህብኝ ለመንኩ በሆዴ።

"እትዬ" አለችኝ ቀስ ብላ፣ "ስድስት ዓመት አጠገቤ ቆመሽ እጄን ስታዪ፣ አይችልም ብለሽ ነበር ማለት ነው?"

ወይ እኔ! ያንን እጅ ከኔ በላይ ማን ያውቀዋል? ማን ነው ለሠፈሩ ሁሉ ሲያወራለት የኖረው? እውነቱ ሌላ ነበር፤ ለራሴም ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ቀዶ ሕክምናው ያለው ሌላ ከተማ ነው፣ አምስት ዓመት። የሕጻናቱ ደግሞ እዚሁ ከተማችን።

"ችለሽ እንዳትሄጂብኝ ነው" አልኳት። ከአፌ ሲወጣ ለኔም ቀፈፈኝ።

ካርዶቹን አስተካክላ አስቀመጠች። ከዚያ "የሁለት ሰዓቱ በሽተኛ መጥቷል፣ አስገቢው" አለች። ከዚያ በኋላ ትምህርቷ እስኪጀመር በቀሩት ሦስት ሳምንታት መስታወት፣ ጥጥ፣ መርፌ፣ አመሰግናለሁ ከማለት በቀር ከአፏ ቃል አልወጣም። ይቅርታ ስጠይቃት ብቻ "ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ" ትለኛለች። በመጨረሻው ቀን ጉንጬን ስማኝ ሄደች።

አሁን ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው እሷ ጋ ተራ እንዲደርሳቸው ይሰለፋሉ ሲሉ እሰማለሁ። የምትሠራበት ሕንፃ ከኛ ክሊኒክ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። አንድም ቀን ብቅ ብላ አታውቅም። እኔ ሁለት ጊዜ በሩ ድረስ ሄጄ ዘበኛው "ማንን ፈልገው ነው?" ሲለኝ ተሳስቼ ነው ብዬ ተመልሻለሁ።