አራት ሰው ያነበበው የእማማ አየለች ደብዳቤ

ትናንት በገበያው ቀን ጋሪዬ ላይ ተቀምጬ የስኳር ጆንያ ላይ ያለውን ጽሑፍ ለአላፊ አግዳሚው ጮክ ብዬ ሳነብ... እማማ አየለች መጡ።

ለማታውቁኝ፣ ከሆሳዕና ጋሪ ነጂዎች መካከል የማታ ትምህርት ገብቶ በአራት ወር ፊደል የጨረሰ እኔ ብቻ ነኝ። ሌላ ካለ ይምጣና እንወዳደር።

እማማ አየለች የሌሞ ሰው ናቸው። ልጃቸው ሀንዲሶ ወንጂ ሸንኮራ ቆረጣ ከሄደ ሦስት መስቀል አለፈው። የእሱን መሬት ማንም እንዳይነካት ብለው ጦሟን አሳድረዋታል። ሴት ልጃቸው እንሰት ልትከልባት ብትለምን፣ መልሳቸው ወንድምሽ ይምጣ ነው።

ከመቀነታቸው ደብዳቤ ፈትተው ሰጡኝ። ከመታጠፍ ብዛት ወረቀቱ ጨርቅ መስሏል። ገረመኝ... መንገዳቸው ላይ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ አለ፣ ቄሱ አሉ፣ ባለሱቁ አለ። እነሱን ሁሉ አልፈው እኔ ዘንድ? ዝናዬ ሌሞ ገብቷል ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

አነባበቤ እንግዲህ ፊደል በፊደል ነው። አንዱን እጠራለሁ፣ ቀጣዩን እጠራለሁ... ቃሉ ምን እንደሆነ የምሰማው ከአድማጩ እኩል ነው። ሰላምታው ብቻ ላብ በላብ አደረገኝ።

«ከ... እን... ግዲህ... አል... መ... ጣም።»

አፌን ያዝኩ። ግን ወጥቷል። በእኛ አገር ክፉ ወሬ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ሰውየው ቁጭ ብሎ ነው የሚነገረው እንጂ ገበያ መሃል በጋሪ ነጂ አይደለም። ቀና ብል ዓይናቸውን ከጣቴ ላይ አልነቀሉም።

«ቀጥል» አሉኝ።

ቀጠልኩ። እዚያው አግብቷል፣ ወልዷል፣ መሬቴን ለእህቴ ስጡልኝ ይላል።

ገና ጀማሪ ነኝ፣ ተሳስቼ ይሆናል፣ ጸሐፊው ዘንድ ልውሰድዎት አልኳቸው። ጀማሪ ነኝ የሚል ቃል ከአፌ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው።

«ሄጄበታለሁ» አሉ። «ጸሐፊው ለመስቀል እመጣለሁ ይላል አለኝ። ቄሱ ናፍቃችሁኛል ይላል አሉኝ። ባለሱቁ ደግሞ ጋቢ እልካለሁ ይላል አለኝ። ሁሉም መጀመሪያ ወረቀቱን ለብቻቸው ያዩታል... ከዚያ ፊቴን ያያሉ... ከዚያ ያነቡልኛል።»

«ታዲያ እኔን ምን ብለው መረጡኝ?»

«አንተ ምን እንደምታነብ ሳታውቅ ነው የምታነበው ሲሉ ሰማኋ።»



በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «ሦስት መስቀል ሙሉ በር በሩን ሳይ አንገቴ ተጣመመ። በል ሴት ልጄ ቤት አድርሰኝ።»

ግማሹን መንገድ አለቀሱ። ከዚያ በድንገት ሀንዲሶ የወለደውን ልጅ ስም ጽፎ እንደሆነ ጠየቁኝ። ጋሪውን አቁሜ ፈለግኩት፣ አለ... አስቴር። ሌሞ እስክንደርስ አስቴር፣ አስቴር እያሉ አፋቸውን አለማመዱ። ልጃቸው በር ላይ ስትቀበላቸው ሰላም እንኳ ሳይሏት ስንት የእንሰት ችግኝ እንዳላት ጠየቋት።

እስካሁን የማይገባኝ፣ ሰው ልቡ የጠረጠረውን ክፉ ነገር ከሌላ አፍ ሲሰማ እንዴት ነው የሚቀለው?

ዛሬ ጠዋት ጋሪዬ አጠገብ ሁለት ሰዎች ደብዳቤ ይዘው ቆመው አገኘሁ። መምህሬ እስከ ፋሲካ ታቀላጥፈዋለህ ይሉኛል... እኔ ግን አልቸኩልም።