የማርያም መጋረጃ

ባለፈው እሑድ የልጄ ልጅ እጄን ይዛ አንድ የሥዕል ትርኢት ወሰደችኝ፤ መግቢያው ላይ ቀይ የከፋይ መጋረጃ ተሰቅሏል፣ ገለጥ አድርጌ ልገባ ስል አቧራና ሰም የተቀላቀለበት የአሮጌ ከፋይ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ፣ ፊቴ ወዲያው ጋለ። ልጅቷ የደከመኝ መስሏት ወንበር ፍለጋ ተሯሯጠች። ምን ልበላት? ኀፍረት እንደ ሪህ ነው፣ ሰው ሲያረጅ ይብስበታል እንጂ አይለቅም።

ጸጸራት ሰፈር በነበረው ቤታችን እናቴ በቀይ ከፋይ የተሸፈነች አንዲት የማርያም ሥዕል ነበረቻት። ታላቅ ወንድሜ አያ ሰለሙን ሥዕል ሊማር አዲስ አበባ ሲሄድ፣ በሰላም ይመለስልኝ ብላ ተስላ፣ የመጋረጃውን ጠርዝ በቢጫ ክር የጠለፈችው እሷው ናት። ጊዜው ፌዴሬሽኑ ፈርሶ አማርኛ ከደብተራችን አልፎ እስከ ሱቅ በር የደረሰበት፣ የጃንሆይ ዘመን ነው። አያ ሰለሙንም አማርኛው ተቀላጥፎ፣ ሱሪው ጠቦ፣ አፉ በ«ሐሳብ» ተሞልቶ ተመለሰ፤ ሥዕል ማለት መልክ ሳይሆን ሐሳብ ነው እያለ ያደርቀናል፣ እናቴ ደግሞ ሐሳቡ ይቆይህና ራትህን ብላ ትለዋለች።

አንድ ቀን መጋረጃው ጠፋ። እናቴ ቤቱን ገለባበጠችው፣ አጣችው፣ በመጨረሻ ጣቷን ጎረቤታችን አደይ ለተብርሃን ላይ ቀሰረች። እኔን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገች፣ እሳት ሲጠፋብን ፍም የምታቀብለን ሴት! ከሷ በቀር ጓዳዬ የሚገባ የለም ብላ መንደሩ እየሰማ ሌባ አለቻት፤ አደይ ለተብርሃን በሯን ዘጋች።

ያን ሰሞን አያ ሰለሙን ፎርቶ ከሚባለው ምሽግ አጠገብ ባለ አዳራሽ ሥራውን ሲያሳይ ሰፈሩን ሁሉ ጠራ። አደይ ለተብርሃንም ልጁ ምን አደረገኝ ብላ መጣች። ሹማምንቱ፣ መምህራኑና ጣልያኖቹ ከፊት፣ እኛ ነጠላ ለባሾቹ ከኋላ ቆመናል። ወንድሜ በመጋረጃ ከተሸፈነ አንድ ሥራ አጠገብ ሆኖ፣ ሰው የሚሳለመው ሥዕሉን ነው ወይስ መጋረጃውን እያለ ይተነትናል። እናቴ አማርኛው አልገባትም፣ የተሸፈነ ሥዕል አይታ ሳትሳለም ማለፍም አልለመደባትም፤ ሰዉን ሰንጥቃ ሄዳ ገለጠችው። ከሥሩ ባዶ ሳንቃ ነው። እጇ ላይ የቀረውን ጠርዝ አየች፣ ቢጫውን ክር ዳሰሰች፣ ገባት። እኛም የጸጸራት ሰዎች ነገሩ ገባን። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

በእኛ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ ከተበደለው ፊት ይወድቃል፣ ተበዳዩም ይቅር ሲል ድንጋዩን በገዛ እጁ ያወርድለታል። አዳራሹ ውስጥ ድንጋይ ከየት ይምጣ? እናቴ ሳንቃውን ከግድግዳው አንስታ አንገቷ ላይ ጫነች፣ በሹማምንቱ መሀል አልፋ አደይ ለተብርሃን ፊት ተንበረከከች።

«ሓብተይ፣ እህቴ፣ የወሰደው ልጄ ነው። ይቅር በይኝ።»

የአደይ ለተብርሃን ዐይን እንባ ሞላ፣ እጇን ዘረጋች፤ ጣቶቿ ሳንቃውን ሊነኩት ሲሉ ከፊት አንድ ሰው አጨበጨበ፣ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። የትርኢቱ ክፍል መስሏቸው ነው፣ በእንግዶቹ አልፈርድም። ወንድሜ አንዲት ቃል ቢናገር ነገሩ ያበቃ ነበር። እሱ ግን ወደ እንግዶቹ ዞሮ፣ መዳፉን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ እጅ ነሳ።

አደይ ለተብርሃን የተሳቀባት መሰላት፤ እጇን ሰብስባ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ብዙም ሳትቆይ ማይ ተመናይ ወደሚባለው ሰፈር ሄዳ ልጇ ቤት ገባች፣ እናቴ ድንጋይ ተሸክማ እዚያ ድረስ ብትሄድም በሩ አልተከፈተላትም። ዛሬ ሁለቱም አፈር ለብሰዋል። ወንድሜ ስለ ሥራው ሲጠየቅ እስከ አሁን ያን ምሽት ነው የሚያነሳው፣ ሐሳቡንም አሳምሮ ያብራራል።

ያን ምሽት እሱ ከእንግዶቹ ጋር ሻሂ ሊጠጣ ሲወጣ እኔ ከእናቴ ጋር ቀረሁ። ሳንቃው አንገቷ ላይ እንዳለ፣ በሩን እያየች ተንበርክካለች። ላወርድልሽ ብዬ ተጠጋሁ።

«የተበደልሽው አንቺ አይደለሽም» አለችኝ።

በሩን ትንሽ ደግሞ ጠበቀች። ከዚያ ራሷ አወረደችው።